«የትኛውን ኢንተርፌስ ልግዛ?» ጊታርን ያለ አምፕ ስለመቅዳት የተሳሳቱ አመለካከቶች

ሥራዬ የሰው ቀረጻ ሚክስ ማድረግ ነው። ኤሌክትሪክ ጊታራቸውን ያለ አምፕ (ማጉያ)፣ ድምፁን ወደ ኮምፒውተር በሚያስገባው ኢንተርፌስ በኩል በቀጥታ የሚቀዱ ልጆች ጥያቄያቸው ሁሌ አንድ ነው፦ «ዲስቶርሽን ሳበራ ድምፁ እንደ ንብ ይጮሃል፤ የትኛውን ኢንተርፌስ ልግዛ?» መልሱን ደጋግሜ መናገር ሰልችቶኛል። ግን ገንዘባቸው ያሳዝነኛል።

«ኢንተርፌሱ ርካሽ ስለሆነ ነው።» አይደለም! የጎደለው የአምፑ ስፒከር ነው። የጊታር ስፒከር ከ5,000 ሄርዝ በላይ ያለውን ድምፅ አብዛኛውን ይቆርጠዋል። ዲስቶርሽን ደግሞ እዚያ ላይ ብዙ ሹል ድምፅ ይፈጥራል። ስፒከር ከሌለ ያ ሁሉ ጥሬውን ጆሯችሁ ውስጥ ይገባል። ሺህ ዶላር የሚያወጣ ኢንተርፌስም ቢሆን ያንኑ ጩኸት አጥርቶ ይቀዳላችኋል እንጂ አያጠፋውም።

የሚያስፈልገው ካብ ሲሙሌተር፣ ማለትም የአምፕን ስፒከር የሚያስመስል ነገር ነው። ከእውነተኛ ስፒከርና ማይክሮፎን የተወሰደ፣ አይአር የሚባል ትንሽ ፋይል አለ፤ ነፃው ሞልቷል። ቦታው ከዲስቶርሽኑና ከአምፕ ፕለጊኑ (አምፕን ከሚያስመስለው ሶፍትዌር) በኋላ ነው። መልቲ ኢፌክት ፔዳል ካላችሁ ብዙ ጊዜ ውስጡ ስላለ አብሩት። ፔዳሉም ፕለጊኑም ላይ አንድ ላይ ከበራ ግን ድምፁ ይታፈናል።

አንድ ጊታሪስት ኢንተርፌሱን ሸጦ ውድ ገዛ። ያንኑ ጩኸት ላከልኝ። ከዲስቶርሽን ፔዳሉ በቀጥታ ነበር የሰካው። ትራኩ ላይ አይአር ጫንኩና መለስኩለት። «በአምፕ ደግመህ ተጫወትከው እንዴ?» አለኝ።

«የትም ቢሰካ ያው ነው።» ያው አይደለም። ባትሪ የሌለው ተራ ፒካፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ሲግናል የሚቀይረው ክፍል) ኢምፔዳንሱ፣ ማለትም ለሲግናሉ ያለው ተቃውሞ፣ 1 ሜጋኦም አካባቢ የሆነ ኢንፑት ይፈልጋል። የላይን ኢንፑት ብዙውን ጊዜ 10 ኪሎኦም ገደማ ስለሆነ ቀጭኑን ድምፅ ይበላዋል። «ኢንስት» ወይም «ሃይ ዚ» የሚለውን ቁልፍ ተጫኑ።

«ዲአይ ቦክስ የግድ ነው።» የጊታርን ሲግናል ለማይክ ኢንፑት የሚያመቻች ትንሽ ሳጥን ነው። ያ ቁልፍ ካላችሁ አያስፈልግም። ረጅም ኬብል ስትዘረጉ፣ ወይም ሚክሰሩ የማይክ ኢንፑት ብቻ ሲኖረው ግዙ።

«96 ኪሎሄርዝ ካልሆነ አይጠራም።» ይህ ድምፁ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚለካ የሚናገር ቁጥር ነው፤ 24 ቢት በ48 ኪሎሄርዝ ከበቂ በላይ ነው።

«ጌይኑ (የመግቢያው መጠን) ቀይ እስኪነካ ይከፈት።» በፍጹም። በኃይል ስትመቱ እንኳ መቅጃው ሜትር ላይ ከመነስ 10 ዴሲቤል አይለፍ።

«ስትጫወት ድምፁ የሚዘገየው ኮምፒውተሩ ስለደከመ ነው።» መጀመሪያ በፈሩን (ኮምፒውተሩ በአንዴ የሚያጠራቅመውን የድምፅ መጠን) እዩት። በ48 ኪሎሄርዝ 1,024 ሳምፕል በአንድ አቅጣጫ ብቻ 21 ሚሊሰከንድ ያዘገያል፤ 128 ግን ከ3 በታች ነው።

«ያለ አምፕ ቀረጻ የጀማሪ ነው።» ቢትልሶች እ.ኤ.አ. በ1968 ጊታራቸውን ኮንሶል (የስቱዲዮ ሚክሰር) ውስጥ ሰክተው ቀድተዋል።

አንድ ነገር ግን አደራ፦ የአምፕን የስፒከር መውጫ ኢንተርፌስ ውስጥ እንዳትሰኩ፤ ያቃጥለዋል። ጥሬውን፣ ኢፌክት ያልነካውን ሲግናል ሁሌ ለብቻው ቅዱ፤ ነገ ሐሳባችሁን ብትቀይሩ አምፑን እንጂ አጨዋወቱን መድገም አይኖርባችሁም። የተረፈ ገንዘብ ካለ ደግሞ ክሩን ቀይሩ፣ ጊታሩን ሴትአፕ አስደርጉ።