«ቅጠል ነው፣ ምን ያደርጋል?» ስለ ደም ግፊትና ስለ አዩርቬዳ የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ለሕክምና ሕንድ ደርሰው የተመለሱ ወይም ከዱባይ ዘመድ የላከላቸው የደም ግፊት ታካሚዎች የአዩርቬዳ ዱቄትና እንክብል ይዘው ወደ መድኃኒት ቤት ሲመጡ ዘወትር አያለሁ። ይህ ጥንታዊ የሕንድ የሕክምና ሥርዓት ስለ አመጋገብ፣ ስለ እንቅልፍና ስለ አተነፋፈስ የሚሰጠው ምክር አብዛኛው ጠቃሚ በመሆኑ ከሥርዓቱ ጋር ጠብ የለኝም። ጠቤ በፋርማሲስትነቴ ሰምቼ ከሰለቸኋቸው አባባሎች ጋር ነው፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከአንዱ ጋር።

«አዩርቬዳ ደም ግፊትን ለሺህ ዓመታት ሲያክም ኖሯል።» ይህ ሊሆን አይችልም። ጣሊያናዊው ሐኪም ሪቫ ሮቺ በክንድ ላይ የሚታሰረውን መለኪያ ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1896 ሲሆን፣ ሩሲያዊው ኮሮትኮቭ በማዳመጫ የመለካትን ዘዴ የጨመረበት በ1905 ነው። ደም ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ምልክት ስለሌለው ሳይለካ አይታወቅም፤ የጥንቶቹ ሊቃውንት ራስ ምታትንና ማዞርን አክመው ይሆናል፣ 160 በ100ን ግን አላዩትም።

«ራሴን ካላመመኝ ግፊቴ ደህና ነው።» አይደለም። ይለኩ።

«የሂማላያ ጨው ግፊት አይጨምርም።» በአዩርቬዳ የሚመከረው ሮዝ መልክ ያለው ጨው በአብዛኛው ከፓኪስታኑ የኬውራ ማዕድን የሚወጣ ሶዲየም ክሎራይድ ነው፤ መልኩን የሰጠው በውስጡ ያለው ጥቂት ብረት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ሲሆን፣ ይህ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። በእኛ ቤት ደግሞ በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ይገባበታል፣ ሽሮውም እንዲሁ፣ ወጡ ሲወርድ እንደገና ይጨመራል። «ጨው ቀንሻለሁ» የሚሉኝ ሰዎች የሚቆጥሩት ይህን የመጨረሻውን ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ፦ «ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይጎዳም፤ ክኒን ግን ኬሚካል ነው።»

ይህን የሚሉ ሰዎች የሰርፓጋንዳን ታሪክ ቢሰሙ ደስ ይለኛል። ሰርፓጋንዳ በሳይንሳዊ ስሙ ራውቮልፊያ ሰርፐንቲና የሚባል፣ ሥሩ በሕንድ ባህላዊ ሕክምና ከጥንት ጀምሮ ያገለገለ ቁጥቋጦ ነው። እ.ኤ.አ. በ1931 ሴን እና ቦስ የተባሉ ሁለት ሕንዳውያን ሐኪሞች ሥሩ ግፊት እንደሚቀንስ ጻፉ። በ1949 የቦምቤዩ የልብ ሐኪም ሩስቶም ጃል ቫኪል በ50 ታካሚዎች ላይ ሞክሮ ውጤቱን በእንግሊዝ የልብ ሕክምና መጽሔት አሳተመ። በ1952 የስዊዘርላንዱ ኩባንያ የሲባ ተመራማሪዎች ሬሰርፒን የተባለውን ንጥረ ነገር ከሥሩ ለይተው አወጡ፤ ብዙም ሳይቆይ በዓለም ዙሪያ በክኒን መልክ ተሸጠ። ዛሬ «ኬሚካል» ተብሎ የሚናቀው ክኒን እንዲህ ከሕንድ ዕፅ ሥር የተገኘበት ጊዜ አለ ማለት ነው።

ሬሰርፒን በእርግጥ ግፊት ይቀንሳል። ከዚሁ ጋር ግን አፍንጫ ይደፍናል፣ የልብ ምት ያዘገያል፣ የጨጓራ ቁስል ያባብሳል፣ መጠኑ ከፍ ሲል ደግሞ አንዳንዱን ሰው ለከባድ ድባቴ ይዳርጋል። የተለመደው የቀን መጠኑ ከ0.25 ሚሊግራም አይበልጥም፣ ይኸውም የአንድ ሚሊግራም ሩብ ነው። በማንኪያ የሚለካ የሥር ዱቄት ውስጥ ምን ያህል ሬሰርፒን እንዳለ ሻጩም ገዢውም አያውቁም፤ መጠኑ ከተክል ተክል ይለያያልና። ዕፁ ኃይል ካለው ጉዳትም ይኖረዋል፤ ጉዳት ጨርሶ የለውም ከተባለ ደግሞ ምን ኃይል ኖሮት ነው ግፊት የሚቀንሰው?

አንዲት እናት አምሎዲፒን የተባለውን የግፊት ክኒናቸውን በራሳቸው ፈቃድ አቁመው ዱቄት መውሰድ ጀመሩ። በማግስቱ ሲለኩ 130 በ80 ሆነላቸው፣ ምስጋናውም ለዱቄቱ ተሰጠ። አምሎዲፒን ግን ከደም ውስጥ ግማሹ እስኪወጣ ብቻ ከ30 እስከ 50 ሰዓት ይፈጃል፤ ያን ቀን ግፊታቸውን የያዘላቸው የጣሉት ክኒን ነበር። እኔ ዘንድ በመጡ ጊዜ መለኪያው 190 በ115 አሳየ። ብልቃጡን ከፍቼ አየሁት፤ ቡናማ፣ አፈር አፈር የሚሸት ዱቄት ነው፣ የተለጠፈበት ወረቀት የዕፁን ስም እንኳ አልያዘም። «ልጄ፣ ቅጠል ነው፣ ምን ያደርጋል?» አሉኝ። ያን ዕለት በቀጥታ ወደ ሐኪም ላክኋቸው።

በብልቃጡ ውስጥ ቅጠል ብቻ መኖሩም ዋስትና የለውም። በ2004 በታተመ ጥናት፣ በቦስተን አካባቢ ካሉ ሱቆች ከተገዙ 70 የአዩርቬዳ ምርቶች 14ቱ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሴኒክ ተገኝቶባቸዋል። በአንዳንዱ የአዩርቬዳ ዘርፍ ማዕድን ሆን ተብሎ ይጨመራል። እርሳስ ደግሞ ራሱ ግፊት የሚጨምርና ኩላሊት የሚጎዳ ነገር ነው። ያሽቲማዱ የሚባለው ጣፋጭ ሥር፣ ማለትም ሊኮሪስ፣ ሲበዛ ሶዲየም በሰውነት ውስጥ እያስቀረና ፖታሲየም እያስወጣ ግፊት ይጨምራል፤ በብዙ የሳልና የጨጓራ ቅምሞች ውስጥ ስለሚገኝ የግፊት ታካሚ ሊርቀው ይገባል። የልብ ምት የሚያዘገየውን የግፊት ክኒን አቴኖሎልን የሚወስድ ሰው ሰርፓጋንዳ ቢደርብበት የልብ ምቱ ከሚገባው በላይ ሊዘገይ ይችላል። ስለዚህ የምትወስዱትን ሁሉ፣ ብልቃጡን ራሱን ይዛችሁ ኑ፤ ለሐኪማችሁም አትደብቁ። ቁጣችንን ፈርታችሁ ከምትደብቁን ብንቆጣችሁ ይሻላል።

«ዮጋ ከሠራሁ መድኃኒት አያስፈልገኝም።» በዝግታ መተንፈስና ዮጋ ግፊትን በጥቂቱ ይቀንሳሉ፤ 170ን ግን ብቻቸውን ወደ 130 አያወርዱም። ግፊቱ ያልተስተካከለ ሰው በጭንቅላት ተዘቅዝቆ የሚቆምበትን የዮጋ እንቅስቃሴ ይተው። ከአኗኗር ለውጦች ሁሉ ጠንካራ ማስረጃ ያለው አመጋገብ ነው፦ በ1997 በአሜሪካ በታተመው ዳሽ በተባለው ጥናት፣ አትክልት፣ ፍራፍሬና ስቡ የተቀነሰ የወተት ውጤት የበዛበት ምግብ ግፊት ባለባቸው ሰዎች ላይ የላይኛውን ቁጥር በ11 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ያህል ቀንሷል። ይህ ከአንድ ክኒን ውጤት የሚተናነስ አይደለም። ኩላሊቱ የታመመ ወይም ፖታሲየም በሰውነት ውስጥ የሚያስቀረውን የግፊት ክኒን ኢናላፕሪልን የሚወስድ ሰው ግን ሙዝና ሌላ ፖታሲየም የበዛበት ምግብ ከማብዛቱ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ።

«ነጭ ሽንኩርት ግፊት ያድናል።» በጥቂቱ ሊቀንስ ይችላል፣ አያድንም። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ዋርፋሪን የምትወስዱ ደግሞ በእንክብል የተዘጋጀውን ሳትጠይቁ አትጀምሩ።

«ክኒን አንዴ ከተጀመረ አይቆምም፣ ስለዚህ አልጀምርም።» ብዙዎች ለረጅም ጊዜ መውሰዳቸው እውነት ነው። ክብደታቸውንና ጨዋቸውን በእርግጥ የቀነሱ አንዳንዶች ግን በሐኪም ክትትል መጠኑ ተቀንሶላቸዋል፤ በራስ ፈቃድ ማቆም ከዚህ ጋር አይገናኝም። በጾም ወራት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አልቀምስም ብላችሁ ክኒኑን የምትዘሉም አላችሁ። አምሎዲፒን ማታም መወሰድ ይችላል፤ ሌላ ክኒን የምትወስዱ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሰዓቱን እንድናስተካክልላችሁ ጠይቁን።