በስፖርት ውስጥ ፉከራ ምንድን ነው? ፎካሪው ስፖርተኛስ ለምን ይወደዳል፣ ለምንስ ይጠላል?

በስፖርት ውስጥ ፉከራ የሚባለው አንድ ተወዳዳሪ ከግጥሚያው በፊት ወይም በግጥሚያው መካከል ራሱን በአደባባይ የሚያወድስበት፣ ተጋጣሚውን የሚያጣጥልበትና ውጤቱን አስቀድሞ የሚያውጅበት ንግግር ነው። ጀግና በግብር ላይ ቆሞ ሲፎክር በኖረበት አገር ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ይሁን እንጂ በግብር ላይ የሚፎክረው ዘማች የሚቆጥረው የፈጸመውን ጀብዱ ሲሆን፣ ስፖርተኛው የሚናገረው ግን ገና ስላልሆነው ነው። የመወደዱም የመጠላቱም ምክንያት ከዚሁ የሚመነጭ ይመስለኛል፤ በሕዝብ ፊት ቃሉን አስይዟልና ወዳጁ ቃሉን ሲሞላ፣ ጠላቱም ሲያፍር ለማየት እኩል ይጓጓሉ።

ለዚህ ከመሐመድ አሊ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ገና ካሲየስ ክሌይ በሚባልበት ጊዜ፣ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ማራቶንን ባሸነፈበት በ1960 እ.ኤ.አ. የሮም ኦሊምፒክ የቦክስ ወርቅ ሜዳሊያ አገኘ። በዓመቱ ላስ ቬጋስ ውስጥ ጎርጀስ ጆርጅ የተባለውን የሬስሊንግ ተፋላሚ ተመለከተ። ሰውየው በጉራው ሕዝቡን ያበሳጭ ነበር፤ አዳራሹ ግን ሲሸነፍ ለማየት ገንዘቡን ከፍሎ በመጣ ተመልካች ይሞላ ነበር። ክሌይ ትምህርቱን ከዚያ እንደወሰደ ኋላ ራሱ ተናግሯል። ተጋጣሚውን በስንተኛው ዙር እንደሚጥል በግጥም እያወጀ፣ በ1962 አርቺ ሙርን በአራተኛው፣ በ1963 ደግሞ ሄንሪ ኩፐርን በአምስተኛው ዙር እንዳለው አሸነፈ። በየካቲት 1964 ማያሚ ቢች ላይ ያሸንፋል ብለው የጠበቁት ጥቂቶች ብቻ ሆነው ሳለ፣ ሻምፒዮኑ ሶኒ ሊስተን ለሰባተኛው ዙር ከመቀመጫው ሳይነሳ ቀረ፤ የ22 ዓመቱ ወጣትም ወደ ጋዜጠኞቹ ዞሮ ቃላችሁን ዋጡ እያለ ጮኸ።

ጥላቻው ከቦክስ ያለፈ ሥር እንደነበረው መዘንጋት የለበትም። የዘመኑ ነጭ አሜሪካዊ ከጥቁር ሻምፒዮን የሚጠብቀው እንደ ጆ ሉዊስ ዝምታንና ትሕትናን ስለነበር፣ እኔ ታላቅ ነኝ፣ እኔ ቆንጆ ነኝ የሚል ጥቁር ወጣት ለብዙዎች ድፍረት፣ ለወገኖቹ ግን የተነፈገ ክብር ማስመለሻ ሆኖ ታየ። በዚህ ረገድ የአሊን ፉከራ ያለ ምንም ማመንታት እደግፋለሁ።

በቦክስ ተጋጣሚው በጆ ፍሬዘር ላይ የተናገረውን ግን ልደግፍ አልችልም። ፍሬዘር በደቡብ ካሮላይና ገጠር በድህነት ያደገ ሰው ነበር፤ አሊ በቬትናም ጦርነት አልዘምትም በማለቱ ከቦክስ በታገደ ጊዜም ፈቃዱ እንዲመለስለት ከጎኑ ቆሟል። አሊ ግን በ1971 ከተደረገው ግጥሚያቸው በፊት የነጮች አሽከር አድርጎ ሣለው፤ በ1975 ከማኒላው ግጥሚያ በፊትም ጎሪላ እያለ ጠራው። ስድቡ እስከ ፍሬዘር ልጆች ትምህርት ቤት ድረስ ተከትሏቸው ሄደ። ታላቅነቴን አሳያችኋለሁ ያለ ሰው በሪንጉ ውስጥ ይፈተናል፣ ዕዳውንም እዚያው ይከፍላል፤ የሰውን ክብርና ቤተሰብ የነካ ቃል ግን በየትኛውም ዙር ሊመለስ አይችልም። ፍሬዘር በ1971 ኒው ዮርክ ላይ በአሥራ አምስተኛው ዙር አሊን በግራ ቡጢ ጥሎት በዳኞች ውሳኔ አሸንፎታል፤ ነገር ግን ቂሙ በድሉ አልበረደም። አሊ በጋዜጣ በኩል ይቅርታ የጠየቀው በ2001 ነበር።

ተመሳሳይ ነገር በጥቅምት 2018 ላስ ቬጋስ ላይ ታይቷል። ቡጢን፣ እርግጫንና ትግልን በሚያጣምረው የድብልቅ ማርሻል አርት ስፖርት የሚፋለመው ኮነር ማክግሪገር የተጋጣሚውን የሐቢብ ኑርማጎሜዶቭን ሃይማኖት፣ አባትና አገር እያነሳ ለወራት ሲሳደብ ከቆየ በኋላ በአራተኛው ዙር አንገቱን ታንቆ እጁን ሰጠ። ሐቢብ ግን ድሉን ከማክበር ይልቅ የመፋለሚያውን አጥር ዘሎ በማክግሪገር ቡድን አንድ አባል ላይ ተወረወረ።