እባካችሁ፣ የሚጮኸውን ልጅ አትቀስቅሱት

የሕፃናት ሐኪም ነኝ። በየሳምንቱ አንዲት እናት እንዲህ ትለኛለች፦ «ዶክተር፣ በተኛ በሁለት ሰዓቱ ብድግ ብሎ ይጮኻል። ዓይኑ ፈጧል፣ እኔን እናቱን ግን አያውቀኝም። ብወዘውዘው ብወዘውዘው አይነቃም!»

ለምን ትወዘውዢዋለሽ?

ይህ የእንቅልፍ ሽብር ይባላል። አንጎል ከጥልቅ እንቅልፍ ሲወጣ መንገድ ላይ ይቀራል። ግማሹ ነቅቷል፤ ስለዚህ ልጁ ይጮኻል፣ ይቀመጣል፣ አንዳንዴም ይሮጣል። ልቡ ይደልቃል፣ ላብ ያጠምቀዋል። ሌላው ግማሽ ግን ተኝቷል። ዓይኑ ቢከፈትም እናንተን አያያችሁም። አጥብቃችሁ ስትይዙት የእናቱ እጅ መሆኑን አያውቅምና ይታገላል። በጥቂት ደቂቃ ያልፍ የነበረው ነገር ይረዝማል።

የራሴ ልጅ በ4 ዓመቷ ጀመራት። ባለቤቴ (ሐኪም ማግባቱ ምንም አልጠቀመውም) ደንግጦ ፊቷ ላይ ውሃ ረጨ። አዎ፣ ነቃች። ያኔ ነው የምሯን የፈራችው። ትራሷ ርሷል፣ ሁለት ሰው አናቷ ላይ ቆሟል፣ ምን እንደተፈጠረ አታውቅም። እስክትተኛ አንድ ሰዓት ፈጀ። በሌላ ቀን ግን እንዳትወድቅ ብቻ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። ጮኸች፣ ጮኸች፣ ከዚያ ጋደም ብላ ተኛች። ጠዋት ምንም አታስታውስም። እንቅልፍ ያጣነው እኛ ነን።

እናንተም ይህንኑ አድርጉ። አጠገቡ ሁኑ፣ የሚመታውን ነገር ከአጠገቡ አንሱ፣ ደረጃ ካለ መንገዱን ዝጉ። ተደራራቢ አልጋ ላይ ከሆነ ታች ይተኛ። ጠዋት ደግሞ «ሌሊት ምን ሆነህ ነው?» እያላችሁ አታስጨንቁት።

«ቅዠት ነው» የሚሉም አሉ። አይደለም። ቅዠት ወደ ንጋት ላይ ይበዛል፣ ልጁ ይነቃል፣ ያየውን ይናገራል፣ እቅፋችሁን ይፈልጋል።

«የሆነ ነገር አስደንግጦት ነው።» ጭንቀት ሊያባብሰው ይችላል፣ ብዙ ጊዜ ግን በዘር የሚሄድ ነው። በልጅነቱ በእንቅልፍ ልቡ ይሄድ የነበረ ዘመድ ካለ ጠይቁ።

«የ6 ወር ልጄንም ይዞታል።» በዚያ ዕድሜ የተለመደ አይደለም። መጀመሪያ ረሃቡን፣ ዳይፐሩን፣ ትኩሳቱን እዩ።

በጣም የሚያናድደኝ ሌላው ምክር «ይድከም፣ ያኔ ድብን ብሎ ይተኛል» የሚለው ነው። የደከመ ልጅ እንቅልፉ ይበልጥ ይጠልቃል፣ ሽብሩም የሚመጣው ከዚያው ከጥልቁ እንቅልፍ ነው። ግማሽ ሰዓት ቀደም አድርጋችሁ አስተኙት። ሽንቱንም ሸንቶ ይተኛ፤ የሞላ ፊኛ ሊቀሰቅሰው ይችላል።

መቀስቀስ ካማራችሁ ደግሞ ቦታ አለው፤ ከጩኸቱ በፊት። በየሌሊቱ በተመሳሳይ ሰዓት የሚመጣ ከሆነ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ቀድማችሁ ቀስ ብላችሁ አንቁትና መልሳችሁ አስተኙት። ለጥቂት ሳምንታት ብትሞክሩት ብዙ ልጆችን ይረዳል።

ሲተኛ የሚያንኮራፋ ወይም ትንፋሹ የሚቆራረጥ ከሆነ ግን አምጡት። ቶንሲሉ አብጦ እንቅልፉን እየረበሸው ሊሆን ይችላል። ሰውነቱ ድርቅ ብሎ ከተገተረ፣ እጅ እግሩ በአንድ ዓይነት ምት ከተንቀጠቀጠ ወይም በአንድ ሌሊት ደጋግሞ ከመጣበትም እንዲሁ፤ የሚጥል በሽታ አለመሆኑን ማጣራት አለብን። ስትመጡ በሞባይል ቀርጻችሁ አምጡልኝ። ያ ውሃ የሚረጨው እጅ ስልክ ይያዝ።