የሽቦ ንድፍ በኦንላይን መሣሪያ ስንሥል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

አርዱይኖ ወይም ኢኤስፒ32 (በኮድ የሚታዘዙ ትንንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርዶች) በትርፍ ጊዜው የሚነካካ ሰው ዛሬ የሽቦ ንድፉን በብሮውዘር ሥሎ ለሌላ መላክ አይቸግረውም። ግን ደጋግሜ የምሰማቸው ስህተቶች አሉ።

«ሲሙሌተር ላይ ከሠራ ጠረጴዛ ላይም ይሠራል»

ዕቃ የሚያስቃጥለው ይሄኛው ነው። ዎክዊ በተባለው ሲሙሌተር (ቦርዱንና ሰርኪዩቱን በብሮውዘር የሚያስመስል መሣሪያ) ላይ ኤልኢዲን (ትንሽ መብራት) ያለ ሬዚስተር (ከረንት የሚገድብ ክፍል) ከቦርዱ ፒን (ሽቦ የሚያያዝበት እግር) ጋር ብታገናኙት ምንም ሳይል ይበራል፤ ዎክዊ የሚያስመስለው በዋናነት የኮዱንና የዲጂታል ሲግናሉን ሥራ እንጂ የከረንቱን (የኤሌክትሪክ ፍሰቱን) መጠን አይደለምና። እውነተኛው ኤልኢዲ ሬዚስተር ይፈልጋል። ከ5 ቮልት ላይ ቀይ ኤልኢዲ 2 ያህሉን ይወስዳል፤ የቀረው 3 ቮልት ለ220 ኦም ሲካፈል ወደ 14 ሚሊአምፔር ይመጣል፣ ደህና ነው።

ሳይታወቅ የሚያልፍም አለ። ኤችሲ-ኤስአር04 የተባለው የርቀት ሴንሰር በ5 ቮልት ሲሠራ ኢኮ ፒኑም 5 ቮልት ያወጣል፤ የኢኤስፒ32 ፒኖች ግን የተሠሩት ለ3.3 ቮልት ነው። ስክሪን ላይ ሁለቱን በአንድ ሽቦ ብታያይዙ የሚከለክላችሁ የለም። ጠረጴዛ ላይ ግን ቮልቴጁን ለማውረድ ከኢኮ የ1 ኪሎኦም ሬዚስተር፣ ከዚያ ወደ ግራውንድ (የሰርኪዩቱ ዜሮ ቮልት መስመር) የ2 ኪሎኦም ሬዚስተር አድርጉና ፒኑን ከሁለቱ መሃል አገናኙ።

«የብሬድቦርድ ሥዕል ካለ ስኬማቲክ አያስፈልግም»

ብሬድቦርድ ክፍሎች ያለ ብየዳ የሚሰኩበት ሰሌዳ ነው፤ ስኬማቲክ ደግሞ ክፍሎቹን በምልክት፣ ሽቦዎቹን በመስመር የሚያሳይ ንድፍ። ሥዕሉ ብቻ ለሦስት ሽቦ ይበቃል፣ አዎ። ሽቦው አሥራ አምስት ሲሞላ ግን ሥዕሉ ድመት የተጫወተችበት ልቃቂት ይመስላል። (በዚህ ዓይነት ሥዕል የሚታወቀው፣ በ2007 በጀርመን ፖትስዳም የተጀመረው ፍሪትዚንግ፣ ብዙዎች እንደሚመስላቸው ኦንላይን ሳይሆን ኮምፒውተር ላይ የሚጫን ነው።)

«መስመር በመስመር ላይ ካለፈ ተገናኝቷል»

ስኬማቲክ ላይ የሚያገናኘው መስመሮቹ በሚተላለፉበት ቦታ የሚደረገው ነጥብ ነው። ነጥብ ከሌለ ተላልፈዋል እንጂ አልተነካኩም።

«ግራውንድ የታወቀ ነው፣ ባይሣልም ይገባል»

አንድ ጊዜ የደረሰኝ ንድፍ ላይ ሰርቮው (በሲግናል የሚታዘዝ ትንሽ ሞተር) ከራሱ ባትሪ ይመገባል፤ ከአርዱይኖ የሚመጣለት የሲግናል ሽቦ ብቻ ነው። ሰርቮው ይንቀጠቀጣል። ልጁ ኮዱን ሦስት ጊዜ ቀይሮታል። የጎደለችው የባትሪውን ኔጌቲቭ ከአርዱይኖው ግራውንድ ጋር የምታገናኝ አንዲት ሽቦ ነበረች።

«የሽቦ ቀለም ጌጥ ነው»

ቀይ ለፖዘቲቭ፣ ጥቁር ለግራውንድ። ሌላውን እንደፈለጋችሁ፣ ግን ስም ጻፉበት።

«ስክሪንሾት ይበቃል»

ሊረዳችሁ የሚፈልግ ሰው ንድፉን ከፍቶ መነካካት አለበት። የፋልስታድ ሲሙሌተር ሊንክ ሰርኪዩቱን በሙሉ በውስጡ ይይዛል፤ የዎክዊ ንድፍ ደግሞ ኮፒ የሚደረግ ጽሑፍ ነው። ሥዕል የግድ ከሆነ ፒኤንጂ ወይም ኤስቪጂ ላኩ፤ ጄፔግ ቀጫጭን መስመሮችን ያደበዝዛል። ልዩነቱን ግን ልብ በሉ፦ የፋልስታዱ ሊንክ በላካችሁት ሰዓት እንደነበረ ይቀራል፣ የዎክዊ የፕሮጀክት ሊንክ ግን እናንተ ባስተካከላችሁት ቁጥር ይለወጣል። ጥያቄ ከላካችሁ በኋላ መነካካት ካማራችሁ ቅጂ አውጡና እሱን ንኩ፤ ያለዚያ መልስ የሚሰጣችሁ ሰው የሚያየው እናንተ የጠየቃችሁበትን ንድፍ አይሆንም።