በሥዕል መጽሐፍና በዕለት ተዕለት ቃላት ሪትምን ማስተማር

ሕፃናት ኖታ (ሙዚቃ የሚጻፍበትን ምልክት) ማንበብ ሳይጀምሩ ሪትም፣ ማለትም የድምፆችን የጊዜ አከፋፈል፣ መማር ይችላሉ። ለዚህ የሚበቃው መሣሪያ ባለሥዕል የተረት መጽሐፍና ልጁ በየቀኑ የሚናገራቸው ቃላት ናቸው።

ቃል ሲነገር በራሱ ይከፋፈላል። «ላም» በአንድ ጭብጨባ ያልቃል። «ድመት» ሁለት ይፈልጋል፤ «ቢራቢሮ» ደግሞ አራት። እያንዳንዱ ቃል በአንድ ምት ውስጥ ሲነገር ልጁ ሳያውቀው ሩብ (አንድ ሙሉ ምት)፣ ስምንተኛ (የምት ግማሽ) እና አሥራ ስድስተኛ (የምት ሩብ) ኖታን እየተጫወተ ነው። ታዲያ የሚቆጠረው ፊደል ሳይሆን ድምፅ ነው። «ላም» ሲጻፍ ሁለት ፊደል ነው፣ ሲጨበጨብ ግን አንድ። ፊደል የቆጠረ ልጅ እዚህ ላይ ሊምታታበት ስለሚችል ዓይኑን ጨፍኖ ቢያዳምጥ ይሻላል።

ሐሳቡ የቆየ ነው። ጀርመናዊው የሙዚቃ ቀማሪ ካርል ኦርፍና ጉኒልድ ኬትማን ከ1950 እስከ 1954 እ.ኤ.አ. ባሳተሟቸው አምስት ቅጾች ስሞችንና አባባሎችን የሪትም መነሻ አድርገዋል። በሃንጋሪያዊው የሙዚቃ ቀማሪና መምህር ዞልታን ኮዳይ ስም የሚታወቀው ዘዴ አንዱን ምት «ታ»፣ ለሁለት የተከፈለውን «ቲ-ቲ» ይለዋል። ስዊዘርላንዳዊው የሙዚቃ መምህር ኤሚል ዣክ-ዳልክሮዝ ደግሞ ሪትም መጀመሪያ በሰውነት እንቅስቃሴ መታወቅ አለበት ብሎ አስተምሯል።

የመጽሐፉ ትልቁ ጥቅም ድግግሞሹ ነው። በየጥቂት ገጹ የሚመለስ አንድ ሐረግ ያለው ተረት ይመረጣል። ጥሩ መሆኑ የሚለየው ጮክ ተብሎ ሲነበብ ነው፤ ምላስ ላይ የሚደናቀፍ ከሆነ ሥዕሉ የቱንም ያህል ቢያምር አይጠቅምም። መጀመሪያ ተረቱ እንዲሁ ይነበብ። በየገጹ እያቆሙ «አጨብጭቡ» ማለት ታሪኩን ይገድለዋል። ልጆቹ ከወደዱት በኋላ አንባቢው ጉልበቱን በእኩል ምት እየመታ ያነባል፣ እነሱም ሐረጉ ሲመጣ አብረው ይላሉ። ቀጥሎ ድምፅ ይቀርና ሐረጉን እጅ ብቻ ይለዋል። ሪትም ከቃል ተለይቶ ለብቻው የሚሰማው ያኔ ነው።

ከዚያ የቃላቱ ሥዕል ያለባቸው ካርዶች በረድፍ ይደረደራሉ፤ እያንዳንዱ ካርድ አንድ ምት ነው፦ ላም፣ ድመት፣ ላም፣ ባዶ ካርድ። ልጆቹ «ላም፣ ድ-መት፣ ላም» ብለው በባዶው ካርድ ላይ ዝም ይላሉ። ምቱ ግን አይቆምም፤ ስለዚህ በአራት ካርድ እረፍትንም ተማሩ ማለት ነው። ካርዶቹን ለልጆቹ ሰጥቶ ራሳቸው እንዲደረድሩ ማድረግ ደግሞ የመጀመሪያው ድርሰታቸው ነው። የኖታ ምልክት ከሥዕሉ ሥር የሚገባው ይህ ሁሉ ከተለመደ በኋላ ነው፤ ባይቸኩሉበት ጥሩ ነው።

ፍጥነትም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ትንንሽ ልጆች በራሳቸው ሲመቱ ከአዋቂ ይፈጥናሉ። ዝግ ያለ ምት ይከብዳቸዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ አዋቂው የልጁን ፍጥነት ይከተል። እንደ «አንበሳ» ያሉ ባለ ሦስት ድምፅ ቃላት በአንድ ምት ውስጥ እኩል መከፈላቸው ስለሚያስቸግር፣ ባለ አንድና ባለ ሁለቱ እጅ ላይ ከገቡ በኋላ ቢመጡ ይመረጣል።