«የመንግሥት ጠበቃ ያው የመንግሥት ነው» ይሉኛል

ቅዳሜ ዕለት ሐዋሳ አሞራ ገደል ዓሣ ልንበላ ተቀምጠን አንድ ወዳጄ የዘመዱን ጉዳይ አነሳ። ልጁ ተከሶ ታስሯል። ጠበቃ መቅጠሪያ የለውም። «ፍርድ ቤቱ ተከላካይ ጠበቃ ይቁምልህ አለው፤ እምቢ በል ብዬዋለሁ» አለኝ፣ ኮራ ብሎ። ለምን? «ከሳሹ መንግሥት፣ የጠበቃው ደመወዝ ከመንግሥት። ታዲያ ለማን ሊሠራ ነው?»

ስድስት ዓመት በተከላካይ ጠበቃነት ሠርቻለሁ። ይቺን ነገር ሳልሰማ ያለፈ ሳምንት ትዝ አይለኝም።

እስቲ ዳኛውስ ደመወዙን ከየት ያገኛል? ከዚያው ካዝና ነው። ደመወዝ ሰውን ሎሌ የሚያደርግ ከሆነ መንግሥትን ከስሶ የረታ ሰው ባልኖረ ነበር። ደግሞ ተከላካይ ጠበቃና ዐቃቤ ሕግ አለቃቸው አንድ አይደለም። በፌዴራል ደረጃ የተከላካይ ጠበቆች ጽሕፈት ቤት ያለው በጠቅላይ ፍርድ ቤት ሥር ነው። ዐቃቤ ሕጉ የፍትሕ ሚኒስቴር ሰው ነው። የነገርከውን ምስጢር ለከሳሽህ አሳልፎ መስጠትም ለተከላካይ ጠበቃው ጥፋት ነው።

ይህ ጥርጣሬ ወሬ ብቻ ሆኖ ቢቀር ባልተናደድኩ። አንድ ደንበኛ ነበረኝ፣ በስርቆት የተከሰሰ። በየቀጠሮው «የት ነበርክ?» እለዋለሁ፤ «አላስታውስም» ይለኛል። ፍርድ ቤቱ «ተከላከል» ብሎት የመከላከያ ምስክሮቻችን ዝርዝር ከገባ በኋላ አንድ ቀን በሹክሹክታ «ያን ምሽት እኮ ሻሸመኔ ነበርኩ፤ ያደረሰኝ የባጃጅ ሹፌር ያውቃል» አለኝ። ለምን ደበቅከኝ? «ለእነሱ ትነግራለህ ብዬ።» ሹፌሩን ስናፈላልግ አገር ለቋል። ልጁ ተፈረደበት። ያ ምስክር በጊዜው ቢቀርብ ምን ይፈጠር ነበር እያልኩ እስከ ዛሬ አስባለሁ።

መማረር ካማራችሁ እውነተኛው ምሬት ሌላ ነው፤ ጠበቃው ጥቂት፣ መዝገቡ ብዙ፣ በጀቱ ቀጭን። አንዳንዴ ደንበኛዬን የማገኘው ችሎት በር ላይ ነበር። በዚህ ውቀሱን፣ እሺ።

ስለ ፍርድ ቤት የሚወሩ ሌሎች የተሳሳቱ ወሬዎችን ቶሎ ቶሎ ልለፋቸው።

«ማንም ከጠየቀ ነፃ ጠበቃ ያገኛል።» አያገኝም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20(5) የሚያወራው ስለ ተከሰሰ ሰው ነው፤ ያውም አቅም ከሌለውና ያለ ጠበቃ ፍትሕ የሚጓደል ከሆነ።

«አስተርጓሚ በራስህ ኪስ ነው።» በወንጀል ክስ የችሎቱን ቋንቋ የማያውቅ ተከሳሽ በመንግሥት ወጪ ይተረጎምለታል። አንቀጽ 20(7)።

«የውርስ ወይም የገንዘብ ክስ ያለ ዳኝነት ገንዘብ አይከፈትም።» ክስ ለመክፈት ለፍርድ ቤት የሚከፈለውን ይህን ገንዘብ የማይችል ሰው በደሃ ደንብ፣ ማለትም ሳይከፍል፣ ይከፍታል። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከአንቀጽ 467 ጀምሮ ይፈቅዳል። ያላችሁን ንብረት ከነግምቱ ዘርዝራችሁ ታመለክታላችሁ። የቀበሌ ማስረጃም ያዙ። ንብረት እንዳትደብቁ፤ ተከሳሹ «ድሃ አይደለም» ብሎ መቃወም ይችላል። ማመልከቻ ለማስጻፍ ደግሞ ፍርድ ቤት ደጃፍ ዣንጥላ ሥር ገንዘብ ከመበተናችሁ በፊት የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤትን ነፃ የሕግ ድጋፍ ጠይቁ። ወረቀታችሁን በሙሉ ይዛችሁ ሂዱ። «ቤት ረስቼው ነው» የምትሉት ወረቀት ሁልጊዜ ዋናው ነው።

ከሥራ የተባረራችሁ ደግሞ ቀን ቁጠሩ። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ ሦስት ወር ካለፈው በይርጋ፣ ማለትም ጊዜው አልፏል ተብሎ፣ ይታገዳል። በዚያ ላይ ሠራተኛ ለሥራ ክርክር የዳኝነት ገንዘብ አይከፍልም። በቀደም አንዲት ከፋብሪካ የተባረረች ልጅ በአራተኛው ወር መጣች። የት ቆየሽ እህቴ አልኳት።

«ለዳኝነት የሚከፈለውን እያጠራቀምኩ» አለችኝ።