«ዘ ፎርቴሊንግ» ምንድን ነው?

«ዘ ፎርቴሊንግ» የእንግሊዞች ታሪካዊ ሲትኮም (አስቂኝ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ) የሆነው የ«ዘ ብላክ አደር» የመጀመሪያ ክፍል ነው። ቢቢሲ ያስተላለፈው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ደራሲዎቹ ሮዋን አትኪንሰንና ሪቻርድ ከርቲስ ናቸው። አትኪንሰንን አብዛኞቻችን የምናውቀው በሚስተር ቢን ነው። እዚህ ግን ኤድመንድ የሚባል፣ ማንም ከቁም ነገር የማይቆጥረው ልዑል ነው።

ጣጣው የሚጀምረው በቦስዎርዝ ሜዳ፣ ኦገስት 22 ቀን 1485 ነው። እውነቱን ለማወቅ ያህል፣ በዚያ ቀን ሪቻርድ 3ኛ ተሸንፎ ተገደለ። በጦር ሜዳ የሞተ የመጨረሻው የእንግሊዝ ንጉሥ እሱ ነው። ዘውዱን የጫነው ተቀናቃኙ ሄንሪ ቱደር ሆነ። በሲትኮሙ ግን የሚያሸንፈው ሪቻርድ ነው።

ኤድመንድ እንቅልፍ ጥሎት ውጊያው ላይ ዘግይቶ ይደርሳል። ፈረሱን አስሮ ዞር እንዳለ አንድ ሰው ሊወስድበት ሲሞክር ያያል። ሌባ መስሎት በሰይፉ አንገቱን ይቀላዋል። ፊቱን ሲያየው ንጉሡ ነው! በሼክስፒር ተውኔት ሪቻርድ በዚሁ ሜዳ ላይ መንግሥቱን በአንድ ፈረስ ለመለወጥ ይጮሃል። ያን የሚያውቅ ሰው እዚህ ጋ ሳቁን አይችለውም።

ዙፋኑ ታዲያ ለኤድመንድ አባት፣ ለዮርኩ መስፍን ይደርሳል። ሪቻርድ 4ኛ ይባላል። እኔን የሚነካኝ ይሄኛው ነው። የዮርኩ መስፍን በእውነት የነበረ ልጅ ነው። በ1483፣ ገና የ9 ዓመት ልጅ ሳለ፣ ከ12 ዓመቱ ወንድሙ ከኤድዋርድ 5ኛ ጋር ለንደን ግንብ ውስጥ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ሁለቱም የት እንደደረሱ አልታወቀም። ቦስዎርዝን ቢያይ ኖሮ ገና 12 ዓመቱ ነበር። ሲትኮሙ ያንን የጠፋ ልጅ አሳድጎ፣ ጺም አብቅሎለት፣ ሁለት የደረሱ ወንዶች ልጆች ሰጥቶታል። የሚጫወተው ብራየን ብሌስድ ነው። ድምፁ ቤት ያናውጣል።

መጨረሻ ላይ ሦስት ጠንቋዮች ለኤድመንድ «ትነግሣለህ» ይሉታል። እሱ ደስ ብሎት ሲሄድ ግን ሄንሪ ቱደር መስሏቸው እንደነበር ከንግግራቸው ይታወቃል።

ክፍሉ ሲከፈት ተራኪው ይህ ሁሉ የተረሳው ሄንሪ ታሪኩን ስላስለወጠ ነው ይላል። ሪቻርድ 4ኛ የሚባል ንጉሥ በእርግጥ አልነበረም። የሄንሪ ነገር ግን ከባዶ የተፈጠረ አይደለም። የንግሥናውን ዘመን ከቦስዎርዝ በፊት ካለው ቀን አስቆጠረ። ስለዚህ በማግስቱ ለንጉሣቸው የተዋጉት ሰዎች በሕግ ከሃዲ ሆነው ተገኙ። የሪቻርድ 3ኛን ወራሽነት ያጸደቀውን የ1484ቱን የፓርላማ ሕግም ይዘቱ ሳይነበብ አሻረው፤ ቅጂዎቹም እንዲጠፉ ታዘዘ። ሕጉ ምን ይል እንደነበር ዛሬ የምናውቀው አንድ ቅጂ ከዚያ ትእዛዝ ስላመለጠ ነው።